የደብሪቱ ሙቀጫ

ሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ ስካውት ልሆን ብጠይቅ «ስድስተኛ ክፍል አይበቃም» ብለው መለሱኝ። አልረሳሁትም። የእህቴ የደብሪቱ ግን ከዚያም ይብሳል። ልጇን ስትድር እንግዳውን ሁሉ ከላይ ደርድራ፣ እኔን የእናቷን ልጅ ከዳሱ በር ሥር አስቀመጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም።

ዘንድሮ ነዳጅ ፈላጊ ኩባንያ ዳባት መጣና ገመድ ዘርጊ አድርጎ ቀጠረኝ። በማሳው ላይ ረጅም ገመድ እንዘረጋለን፤ ከገመዱ የተንጠለጠሉትን ትናንሽ መስሚያዎች አፈር ውስጥ እንተክላለን። ከዚያ አንድ ከባድ መኪና ሆዱ ሥር ባለው ብረት መሬቱን ተጭኖ ያንቀጠቅጠዋል። ንዝረቱ ወርዶ፣ ከሥር ካለው ድንጋይ ነጥሮ ሲመለስ መስሚያዎቹ ይቀበሉታል። ነዳጅ ወይም ጋዝ ሊያቁር የሚችለውን ድንጋይ ከአመላለሱ ይለዩታል አሉ። በዚያ ሰዓት ታዲያ መስሚያዎቹ ሌላ ንዝረት እንዳይቀበሉ ሰው አይራመድም፣ ከብት አይነዳም።

አንድ ጠዋት አለቃችን የሺዋስ ከመሣሪያው ቀና ብሎ «ምንድን ነው ይሄ ዱም ዱም?» አለ።

አውቄዋለሁ። ገመዱ በደብሪቱ ጓሮ ያልፋል፤ ለማኅበር ጠላ ጌሾ እየወቀጠች ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

«ሂድ አስቁማት። አለዚያ አንተም ነገ እንዳትመጣ።» በልጄ ዕድሜ ሆኖ አንተ ይለኛል።

እንጀራዬ ነውና ሄድኩ።

ደብሪቱ ዘነዘናዋን እንዳነሳች አየችኝ። «እሰይ! መሬት ሲንቀጠቀጥ ነው ለካ የምትመጣው?»

«ኩባንያው ውቀጣውን አቁሚ ብሎሻል።»

«ለኩባንያ አላቆምም። አንተ ከለመንከኝ ግን አቆማለሁ።»

«እባክሽ፣ እታለም።»

ዘነዘናዋን አስቀመጠች። እኔም ሆን ብዬ ከማድቤቱ በር ሥር ካለው መደብ ተቀመጥኩ። መኪናው ማጓራት ጀመረ፤ መደቡ ከሥሬ ተርገፈገፈ። መናገር አይቻልም፤ ተያየን። ጠጉሯ ሸብቷል። መቼ እንደሸበተ አላየሁም።

ጸጥ ሲል «አሁንም በር ሥር?» አለች።

«አንቺው የሰጠሽኝ ቦታ ነው።»

«አንተ ሞኝ! ከላይ የሚቀመጥ እንግዳ ነው። በር ላይ የሚሆን የቤቱ ሰው ነው፤ ማን እንዳልበላ፣ ማን አኩርፎ እንደወጣ የሚያይልኝ። አንተው ራስህ አኩርፈህ ስትወጣ ማን ይይልኝ?»

ዘነዘናዋን አቀበለችኝ። «በል፣ የቤት ሰው ከሆንክ ውቀጥ።»

«ወንድ ሲወቅጥ ጎረቤት አያይም?»

«ይይ!»

የሺዋስ ከማሳው ማዶ «ጨርሰናል! ገመዱን ሰብስብ!» እያለ ይጮሃል።

«መጣሁ!» አልኩት። ጌሾው ግን ገና አልደቀቀም ነበር፤ ወቀጥኩ።