ለነዚፋ ያልተገኘው አልበም

«ለመሆኑ ጋሽ ሸፊቅ ላንቺ የትኛውን አልበም ሰጡሽ?» አለች ጎረቤታቸው ተናኘወርቅ፣ ሙሉ የሳምቡሳ ትሪ ጭኗ ላይ አደላድላ። ሹክ ማለቷ ነበር። የተናኘወርቅ ሹክሹክታ ግን ላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ነዚፋ ሻሿን እንደ ማስተካከል አለች። ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። የባሏ አባት ጋሽ ሸፊቅ ዓርብ ዕለት ከጁምዓ ተመልሰው «እስቲ ትንሽ ጋደም ልበል» እንዳሉ አልተነሱም፤ ቅዳሜ ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ያለው አፓርትመንታቸው በእድር የፕላስቲክ ወንበሮች ተሞልቷል። የሚገባው ሰው ሁሉ «ሶብሩን ይስጥሽ» ብሎ፣ ከንፈሩን መጦ፣ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ ይህንኑ ይጠይቃታል።

«ሰማያዊውን» አለች፣ አፏ ላይ እንደመጣላት።

«የቱን ሰማያዊ?»

«ያን… ሽፋኑ ላይ ሳክስፎን የታቀፈ ሰውዬ ያለበትን።»

ተናኘወርቅ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ሰማያዊው እኮ የኔ ነው!»

ጥግ ይዞ ስለ ቤት ብድር ወለድ ሲሰብክ የነበረው ይገዙ ሳይቀር አንገቱን አሰገገ። የጋሽ ሸፊቅን ሕግ የማያውቅ የለም፤ አንድ የጃዝ አልበም ለአንድ ሰው ነው፣ የተሰጠ አይደገምም።

ደግነቱ የነዚፋ ባል ሉቅማን በሩን በርግዶ ገባ። «ግራጫ ቶዮታ ያላችሁ ውጡ! ቶው አድርገው ጎትተው ሊወስዱት ነው!»

ከለቀስተኛው ግማሹ ብድግ አለ።

ወሬው ግን አብሯቸው ወጣ። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ሲያስተካክሉ አወሩት፣ ሲመለሱም ይዘውት ተመለሱ። ነዚፋ ኩሽና ቆማ የወረቀት ኩባያዎች ስትደረድር በግድግዳው በኩል ሰማችው።

«ለገዛ ምራታቸው ሳያገኙላት ሞቱ እኮ!»

«እውነት? ለኔ እንኳ፣ ዘመድ ላልሆንኩት…»

«እንጃ፣ ምናልባት ልባቸው አልወደዳትም ይሆናል።»

ኩባያዎቹን እንደገና ከመጀመሪያው ደረደረቻቸው።

ጋሽ ሸፊቅ ዕድሜያቸውን ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ መንገደኛ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ሲነዱ ነው የኖሩት። ሰው ሲዲ ይዞ በሚዞርበት ዘመን መንገደኛው ወንበር ላይ ይረሳል። ባለቤቱ ካልመጣ ሾፌሮቹ ይከፋፈሉታል። ጭፈራውን ጎረምሶቹ ይወስዱታል፣ መዝሙሩን የሥራ ጓደኛቸው ሳህሌ ይወስደዋል፤ ጃዙን የሚነካው ጠፋ። ደሴ መንዙማ እየሰሙ ያደጉት ሸፊቅ «ወላጅ የሌለው ልጅ አሳዘነኝ» ብለው እየሰበሰቡ ቤት አመጡት።

ከዚያ በኋላ አትላንታ አዲስ የሚገባ አበሻ፣ በዲቪም ይምጣ በጋብቻ፣ ይስገድም ያስቀድስም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ሳይደርሰው የጋሽ ሸፊቅ አልበም ይደርሰው ጀመር። እንዲሁ ግን አይሰጡም። መጀመሪያ ምርመራ አለ። የሙዚቃ ምርጫህ ምንድን ነው ብለው አይጠይቁም፤ «እሱን የጠየቅከው ሁሉ ይዋሻል» ይላሉ። ሻይ ስትጠጣ ስኳሩን ታማስላለህ ወይስ ታች ትተወዋለህ? ሰርግ ላይ ቀድመህ ትደርሳለህ ወይስ ዳንሱ ሲሞቅ? ሰው ሲያወራህ ታቋርጣለህ?

ተናኘወርቅ «አቋርጣለሁ፣ ምን ነውር አለው» ስላለች ሰማያዊው ደረሳት፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ባንድ ጊዜ የሚያወሩበት፣ ማንም ማንንም የማይሰማበት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጃኬት የሚለብሰው ሳህሌ ድንገተኛ ነገር ስለማይወድ ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ብቻ ያለበት፣ ዜማው ዞሮ ዞሮ ቤቱ የሚገባ ደረሰው። ይገዙ ረጅም የድራም ሶሎ ነው የተሰጠው፤ «ይሄን ስትሰማ ቢያንስ አንተ ዝም ትላለህ» ተብሎ። ሁሉም ያሻውን እየነፋ በየፊናው የሚሄድበት ዓይነት ደግሞ ለአዲስ መጤ ክልክል ነበር። «እሱ ሲቲዝን ከሆናችሁ በኋላ ነው» ይላሉ።

የነዚፋ መልሶች ግን ምርመራውን አበላሹት። ስኳር ግማሹን ታማስላለች። ሰርግ ከዘመዶቿ ጋር ትሄዳለች፣ እነሱ በመጡበት ሰዓት። ሰው ሲያወራም አታቋርጥም።

«ይሄ ከባድ ኬዝ ነው» አሉ ጋሽ ሸፊቅ እጃቸውን እያፋተጉ።

ከባዱ ኬዝ የተያዘው መኪና ውስጥ ነው። ነዚፋ ፒችትሪ ኮርነርስ፣ የጥርስ ሐኪሞች ዕቃ የሚያሽግ መጋዘን ተቀጥራ ነበር። መንጃ ፈቃድ ስላልነበራት፣ የማታ ሺፍት የነበሩት አማቷ ጠዋት ጠዋት በአሮጌዋ ካምሪ ያደርሷታል። በየቀኑ አዲስ ሲዲ ይገባል።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባ።»

«ደህና!» መሪውን በመዳፋቸው ይመታሉ። «ደህናማ የሆስፒታል ሾርባ ነው! ቆይ፣ ነገ ታያለሽ።»

በማግስቱ ሌላ። እውነቱን ለመናገር ነዚፋ አንዱንም ሰምታ አታውቅም። ትራምፔቱ ትንፋሹን ሰብስቦ ዋናውን ነገር ሊናገር ሲል የጋሽ ሸፊቅ እጅ ወደ ቮልዩሙ ይሄዳል። ቀነስ ያደርጉታል።

«አየሽ፣ ይሄ ቤዝ የሚመታው ሰውዬ ምንም የሚናገር አይመስልም አይደል? እሱ ባይኖር ግን ሁሉም ይበተኑ ነበር። ልክ እንደ ነዒማ።» ከዚያ በኋላ ወሬው የሚስታቸው የነዒማ ነው፤ ከነዒማ ደሴ፣ ከደሴ የመጀመሪያ የሥራ ቀናቸው። መውጫው ጠፍቷቸው መንገደኛ እንደ ጫኑ ኤርፖርቱን ሲዞሩት፣ ሲዞሩት፣ ሬዲዮው ላይ ጃዝ ስለተከፈተ መንገደኞቹ ከተማ ማስጎብኘት መስሏቸው ሲወርዱ አጨበጨቡላቸው። ነዚፋ ያን ቀን መጋዘኑ በር ላይ ደርሳም እየሳቀች ነበር። ሙዚቃው ከታች፣ ከጫማዋ አካባቢ፣ የሆነ ነገር ያንሾካሹክ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያደረሷት ሐሙስ ነው። ነዒማን ለጋብቻ ሊጠይቁ የሄዱበትን ቀን እያወሩላት ነበር። ኮት ከጓደኛቸው ተውሰው ሄዱ። «በሩን ሳንኳኳ ማን ቢከፍትልኝ ጥሩ ነው? ባለ ኮቱ! ለካ እሱም ሊጠይቃት ቀድሞኝ…» መኪናዋ ቆመች፤ ደርሰዋል። «በይ ግቢ፣ ይረፍድብሻል። ነገ እጨርስልሻለሁ።»

«ነገ» ዓርብ ነበር፤ እሷም ኦፍ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከዱዓው በኋላ፣ ነዒማ ቤቱን በዓይኗ ቃኝታ ድምፅዋን አሰማች። «ባለቤት ያልተገኘላቸው አልበሞች መኪናው ውስጥ አሉ። ሰው ለማስታወሻ አንዳንድ ይዞ ይሂድ። መጀመሪያ ግን ነዚፋ ወርዳ የራሷን ታውጣ።»

ሁሉም ወደ ነዚፋ ዞረ። ተናኘወርቅም ማላመጧን አቆመች።

«የኔ የለም» አለች ነዚፋ። «ሰማያዊው ውሸት ነው። ለኔ አላገኙልኝም።»

የሳቀው ሳህሌ ነው። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ሳል አስመሰለው። «ይቅርታ… የኔ ልጅ፣ ስሚኝ። ለኔ በሁለት ቀን ነው ያገኘው። ለይገዙ ከሻንጣው ሳይላቀቅ። ሸፊቅ ላንተ የሚሆን አልበም ካጣ እኮ ሰው አይደለህም ማለት ነው! ላንቺ ሲሆን ስድስት ወር? እኔም ‹ምነው፣ ጆሮህ ደከመ?› ስለው ‹አንተ ምን አገባህ፣ ንዳ› ነው ያለኝ።»

ነዒማ ነዚፋን ክንዷን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻት።

«እማ» አለች ነዚፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ኮቱን ያዋሳቸው ሰውዬ በሩን ከከፈተላቸው በኋላ ምን ሆነ?»

«የምን ኮት?»

«እርስዎን ሊጠይቁ የመጡ ቀን የለበሱት።»

ነዒማ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች፤ ትከሻዋ ተነቃነቀ። ነዚፋ ልታባብላት እጇን ዘረጋች፤ ለካ እየሳቀች ነው። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «ኧረ ሹራብ ነው ለብሶ የመጣው! ክርኑ የተበሳ። በሩንም የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን…»

«መንገዱ ሩቅ ነዋ፣ ልጄ» አለች ነዒማ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ፒችትሪ ኮርነርስ ቅርብ ነው እንዴ? አልበሙን ቶሎ ቢያገኝልሽ ለማን ያወራል?»

ነዚፋ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ስትወርድ ሉቅማን ተከተላት። ካምሪዋ በቆመችበት፣ ከግራጫ ቶዮታዎቹ መሀል አለች። በዘወትር ቦታዋ፣ በቀኝ በኩል ገባች። ሉቅማን የሾፌሩን በር ሲከፍት እጇን ወንበሩ ላይ ዘረጋች።

«እዚህ አትቀመጥ።»

አንዴ አያትና ከኋላ ገብቶ ረጅም እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ልጅ ሳለ አባቱ የሰጡት አልበም ሽፋን በሩ ኪስ ውስጥ አለ፤ ክረምት ክረምት የመስታወት ውርጭ ሲፍቅበት ጠርዙ ተሸራርፏል።

«ሀዘን ላይ ሙዚቃ፣ ማለቴ… ሰው ቢሰማስ?»

«መስኮቱ ዝግ ነው።»

ተንጠራርታ ቁልፉን አዞረች። የሐሙሱ ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ቤዙ ለብቻው መጣ፣ ምንም የማይናገር መስሎ። ፒያኖው ተከተለው።

«ቆንጆ ነው» አለ ሉቅማን ከኋላ፣ ተገርሞ። ለጃዝ እንዲህ ሲል ነዚፋ ሰምታው አታውቅም። «ያንቺ ይሄ ነው?»

«እንጃ። ሰምቼው አላውቅም።»

ከዚያ ትራምፔቱ ገባ። ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ዋናውን ነገር ሊናገር ከፍ ማለት ጀመረ፤ የነዚፋ እጅ ተዘርግቶ ቮልዩሙን ቀነሰው።

«ምነው? ገና አሁን እኮ ነው የጀመረው!»

«እሽሽ» አለችው። ጣቶቿን ከማዞሪያው ላይ ሳታነሳ ፊቷን እንደ ሁልጊዜው ወደ ሾፌሩ ወንበር መለሰች። «አሁን ሊያወሩ ነው።»