ፈታሿን ማን ይፈትሻት

የልጅ ልጄ ፖሊስ ልትሆን መሆኑን የነገረችኝ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር ለቅሶዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ። "በዚህ ከተማ አንድም ሴት ፖሊስ የለም እኮ፣ ልጄ" አልኳት። "ለዚህ ነው የፈለጉኝ" አለችኝና ከሽንኩርቱ ቆንጥራ በላች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያን ጊዜ ፖሊሶቹ ሁሉ ወንዶች ስለነበሩ ሴት ሌባ ሲይዙ ግራ ይገባቸዋል። እጃቸውን ዘርግተው እንዳይፈትሿት ነውር ነው፤ እንዲሁ እንዳይለቋት ሌባ ናት። ስለዚህ ዞር ብለው ግድግዳ እያዩ፣ "እባክሽ የሰረቅሽው ካለ አውጪ" ይሏታል። ሌባይቱም "የለም" ትላለች። እነሱም ያምናሉ። አንዷማ ሙሉ ጥቅል ሐር ከቀሚሷ ሥር እንዳደረገች በሰላምታ ተሸኝታ ወጥታለች ይባላል። ነገሩ የጋሪ ነጂዎች መሳቂያ ሲሆን፣ የበላዮቹ አንዲት ሴት ፈታሽ ትቀጠር ብለው ወሰኑ። የሁሉን ቤት ዘለው የኔን ቤት ልጅ ወሰዱ።

ቤት ውስጥ ሚጢጢ እንላታለን። ቁመቷ በር ላይ የሚያጋጫት ልጅ ናት፤ ስሙን ያወጣንላት ገና እቅፍ ሳለች ነው፣ ከዚያ ማን ይቀይረው። የሰጧት ጫማ ለወንድ የተሰፋ ስለነበር ማለዳ ማለዳ ጫፉ ላይ ጨርቅ እወትፍላታለሁ። "ብርድ እንዳይመታሽ፣ ሰካራም እንዳትጠጊ፣ ሩጫ ካለ ከኋላ ሁኚ" እላታለሁ። "እሺ እማማ" ትላለች። ከኋላ ሆና እንደማታውቅ ልቤ ያውቃል።

አንድ ቀን ታዲያ ገና ፀሐይ ሳትጠነክር ያለ ቀበቶና ያለ ፊሽካ ቤት ገባች። ከኋላዋ ጉሮሮ የሚሉት ምክትል አዛዥ ቆሟል። ጉሮሮ የሚሉት አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ጠርጎ ስለማይጨርስ ነው።

"ምን ሆንሽ? ተመታሽ?"

"አልተመታሁም። ሌባ ተባልኩ።"

ቁጭ አልኩ። ወንበሩ ከኋላዬ መኖሩን እንኳ አላየሁም፤ እግዜር አስቀምጦልኝ ነው።

በጣቢያው ኤግዚቢት ክፍል የሚሉት አለ፤ ከሌባ የተያዘ ንብረት ፍርድ እስኪሰጥ የሚቆለፍበት ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል የወርቅ የኪስ ሰዓት ጠፋ። ከዚያ በፊትም ቀለበት ጠፍቷል፣ የብር ማንኪያ ጠፍቷል፤ ግን ያኔ አይጥ ወሰደው ብለው አልፈውታል። የዚህ ጣቢያ አይጥ ብር ትወድ ነበር ማለት ነው። አሁን ግን የሰዓቱ ባለቤት ትልቅ ሰው ሆነና ነገሩ ጮኸ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተፈታተሹ። ሳይፈተሽ የቀረ ማን ነው ሲባል፣ ሚጢጢ። ሴት ስለሆነች ወንድ አይነካትም፤ ሴት የምትፈትሸው ደግሞ እሷ ራሷ ናት። አዛዡም "ያልተፈተሸችው እሷ ብቻ ናት፣ እንግዲህ ሌባዋ እሷ ናት" ብሎ ደመደመ። ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሰዓቱ እስከዚያ ካልተገኘ ልጄን በሌብነት ያስረክባታል። ከዚያ ወህኒ ቤት ነው።

"ኧኸም" አለ ጉሮሮ። "ደንቡ ግን... ኧኸም... ሳይፈተሽ አይከሰስም ይላል። የእኛን ሚስቶች ለመንን፣ ፖሊስ አንነካም አሉ።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣችሁ?"

ሚጢጢ ተንበርክካ ጉልበቴን ያዘች። "እማማ፣ አንቺ ትፈትሺኛለሽ።"

ልብሴን ስቀይር የቀሚሴን ቁልፍ አዛንፌ ቆለፍኩት፤ መንገድ ላይ ነው ጉሮሮ የነገረኝ፣ እሱም አፍሮ ወደ ሰማይ እያየ።

ጣቢያው የብረት በር፣ የዘበኛ ጎጆ፣ አቧራማ ግቢና ፎቅ ያለው ቤት ነው። የአዛዡ ቢሮ ፎቅ ላይ ሆኖ መስኮቱ ግቢውን ቁልቁል ያያል። ፖሊሶቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁን፤ ሰርግ ይመስል። አዛዡ ደረቱን ነፍቶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ቀኝ እጄን አስነስተው አስማሉኝ። ያገኘሁትን እንደማልደብቅ ማልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሰዓቱን ባገኝባት ኖሮ እዚያው እውጠው ነበር።

"ጌታዬ" አለች ሚጢጢ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እኔ ብቻ ብፈተሽ ነገ ቂም ነው ይባላል። ትእዛዙ ለሴት ሁሉ ይሁን።"

አዛዡ ግቢውን ቃኘ። ከኔና ከሷ በቀር ሴት የለም። ሰውየው ተመልካች ሲያይ ድምፁ የሚወፍር ዓይነት ነው። "ይሁን!" አለ። "ዛሬ ከዚህ በር የምትወጣ ሴት ሁሉ ትፈተሽ! ንግሥትም ብትሆን!"

ፖሊሶቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ "ንግሥቲቱ ይችውና፣ ዘውዷን ቤት ረስታ መጥታ ነው" ብሎ በኔ አላገጠ። መልኩን ይዤዋለሁ።

መፈተሻ ክፍል የሚሉት ጓዳ ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። ልጄን ከራሷ እስከ እግሯ ዳበስኳት። የተገኘው አንድ መሃረብ፣ ግማሹ የተላሰ ከረሜላና ጫማዋ ውስጥ የወተፍኩት ጨርቅ ነው። የጎድን አጥንቷ ግን አንድ በአንድ ተቆጠረልኝ። "ምሳሽን አትበይም እንዴ አንቺ?"

"እማማ፣ ስሚኝ። አያቴ ነፍሱን ይማረውና፣ በዕድሜው አንድ ቀን ሳህን አንስቶ ያውቃል?"

"የሱን ነገር ተይው። ከፊቱ ያለውን ውሃ ከጓዳ ጠርቶኝ ነበር የሚያስቀዳኝ።"

"አዛዡም እንደሱ ነው። ብዕሩ ሲወድቅ ተረኛውን ከታች ጠርቶ ነው የሚያስነሳው። ሚስቱ በየቀኑ ምሳ ታመጣለታለች፤ በልቶ ሲጨርስ ግን ምሳ ዕቃውን ራሱ ይዘጋል፣ ራሱ በጨርቅ ይቋጥራል። ሰው አያስነካም።"

"ታዲያ ጥሩ ባል ነዋ!"

"ወንዶቹም እንደዚያ ነው የሚሉት።"

ያኔ ገባኝ። "አይ ሚጢጢ! የአዛዡን ሚስት? እኔ? ሁለታችንንም ያስሩናል! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሲሚንቶ ላይ ልተኛ?"

"እኔ ታግጃለሁ። አንቺ ግን መሐላ አለሽ። ነገ ተቆጣጣሪው ቢሮዎቹን ሁሉ ያስፈትሻል፤ እዚህ የተደበቀ ነገር ካለ የሚወጣው ዛሬ ነው።"

እምቢ ልል ነበር። ግን እንደ ሕፃንነቷ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። እሷ ላይ ቁልፍ ሲዞር ከማይ ዘበኛ መሆን ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ፤ ልጄ ላይ ምንም እንዳላገኘሁ ለጉሮሮ ነገርኩና የግቢው በር ላይ በርጩማ አስመጥቼ ተቀመጥኩ።

እኩለ ቀን ላይ እመቤቲቱ መጣች። ደህና የለበሰች፣ ጃንጥላ የያዘች፣ ለሰው ሁሉ ፈገግ የምትል ሴት ናት፤ ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ ነበር። ተደራራቢውን ምሳ ዕቃ ይዛ ወደ ፎቅ ወጣች። አዛዡ በልቶ ሲያበቃ ያንኑ ይዛ ወረደች፤ ዘበኛው ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ከፈተ። እኔ ተነሥቼ መሐል ቆምኩ።

"እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልፈትሽዎ ነው።"

"እኔን? በማን ትእዛዝ?"

"በባልዎ።"

ሳቀች። "እሱ ነው ያለው? በሉ ይፈትሹ፣ ለጎረቤት ወሬ ይሆነኛል።" ጃንጥላዋን ለዘበኛው ሰጥታ እጇን ዘረጋች። ዳበስኳት፤ ምንም የለም።

"ምሳ ዕቃውስ?"

"እሱማ የተላሰ ሳህን ነው፣ እማማ።"

ይህን ጊዜ ከላይ መስኮቱ በኃይል ተከፈተ። "አንቺ ሴትዮ! ልቀቂያት! ሚስቴ ናት!"

ግቢው ሁሉ ቀና አለ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። "ንግሥትም ብትሆን ብለዋል እኮ!" አልኩ።

የአዛዡ ራስ ከመስኮቱ ጠፋ። ወዲያው ደረጃውን ሲንደረደርበት ተሰማ፤ ምሳ ሲበላ ቦቲውን የሚያወልቅ ሰው ኖሯል፣ በካልሲ ግቢው ውስጥ ደረሰ። አንዱ ካልሲ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል።

እኔ ምሳ ዕቃውን ለመንካት እንኳ አልደረስኩም። እመቤቲቱ ባሏን ከራስ ፀጉሩ እስከ ካልሲው አየችው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሄደ።

"አንተ ሰው" አለችው፣ "ቤት ሲቃጠል እንኳ ቀስ ብለህ ነው የወጣኸው። ዛሬ ምን አስሮጠህ?"

"ሰው ፊት... ክብርሽን... ስጪኝ እሱን!"

ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። የላይኛው ሳህን ላይ አጥንት አለ። መካከለኛው ላይ የዳቦ ጥግ። የታችኛው ላይ በመሃረብ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ስትገልጠው የወርቁ ሰዓት ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። ዘበኛው ከልምድ የተነሣ ለሰዓቱም ሰላምታ ሰጠ።

ታለቅሳለች፣ ትወድቃለች ብዬ ነበር፤ እመቤቲቱ ግን በንዴት ፊቷ ቀላ። "ራሴ ልጠብልሽ ያልከኝ ለዚህ ነው?" አለች። "ማታ ስትገባ ምሳ ዕቃውን ተቀብለኸኝ ጓዳ ገብተህ የምትዘጋው ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ ባሌ ሳህን ያጥባል እያልኩ በሰፈሩ ሳወራ! ሴቷ ሁሉ በባሏ ላይ ስትነሣ! በኔ ምክንያት ሁለት ትዳር ሊፈርስ ነበር፣ አንተ ሌባ!"

"ኧኸም" አለ ጉሮሮ፣ ግንባሩ ላብ አውጥቶ። "ጌታዬ... ኧኸም... ደንቡ፣ ተጠርጣሪ ከመታሰሩ በፊት ይፈተሽ ይላል።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያ ሁሉ ወንድ ቦቲውን ያያል። በኔ ያላገጠው እንዲያውም ከሌላ ሰው ጀርባ ገብቷል። ጉሮሮ ወደ ሚጢጢ ዞረ።

"እኔ ሴት ብቻ ነው የምፈትሸው" አለች ልጄ። "ደንቡ ነው።"

"ሂዱ ወዲያ!" አለች እመቤቲቱ እጅጌዋን እየሰበሰበች። "እኔ እፈትሸዋለሁ።"

ፈተሸችውም። እንደዚያ ያለ ፍተሻ አይቼ አላውቅም፤ ኪሱን ስትገለብጥ ስፌቱ ይጮኻል። የኤግዚቢት ክፍሉ ሌላ ቁልፍ ከውስጥ ኪሱ ወጣ። የጠፋው ቀለበት ግን አልተገኘም። "እሱማ..." ብላ እመቤቲቱ የራሷን ጣት አየች። ቀስ ብላ አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ለልደቴ ነበር" አለች። እጇን ያዝኳት። በርጩማውን ሰጠኋት።

አዛዡን በካልሲው ወደ ማረፊያ ክፍል ወሰዱት። ጉሮሮ ሚጢጢ ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ይቅርታ ሊል እንደሆነ ገብቶናል፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለው። በመጨረሻ "ሥራሽ ላይ ነሽ" ብሎ ሄደ።

እኔም ክንዷን ያዝኩ። "በቃ ልጄ፣ ስምሽ ጠራ። አሁን በክብር ትተሽው እንሂድ። ልብስ ስፌት ብትማሪ ምን አለበት?"

መልስ ሳትሰጠኝ ከገበያ በኩል ጩኸት መጣ። ሁለት ፖሊሶች አንዲት የምትንፈራገጥ ሴትዮ እያመጡ ነው፤ አንደኛው ጆሮውን ተነክሷል። ሚጢጢ ከእጄ መሃረቤን ወስዳ ለጆሮው ወረወረችለት።

"እማማ፣ አንቺ ወደ ቤት ሂጂ። እራት እንዳትጠብቂኝ።"

"ከኋላ ሁኚ!" አልኩ። "የምትነክስ ናት! ጥርሷን እዪ!"

ከፊት ሆና ሴትዮዋን ይዛ ገባች። እኔ ቤት ሄጄ እራት ሠራሁ፤ ጠበቅኋት፤ ሁለቴ አሞቅኩት።