የኦዜላ ሰልፍ

«ተዪኝ እስቲ! ኦዜላ ደግሞ መቼ ታስራ ታውቃለች?» አሉ ሚስ ሉቬኒያ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት፣ የዶሮ ጥብሱን ሳህን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ።

ለለቅሶተኛው ቀዝቃዛ ሻይ የምትቀዳው ቨርሊን ቀጥ አለች። እናቷ ኦዜላ ነገ ትቀበራለች። ቨርሊን በቤተ ክርስቲያን የምታስተምራቸው ልጆችም ቀብሩ ላይ የሚያሳዩትን ትያትር ሳሎኑ ውስጥ እየተለማመዱ ነው፤ ኦዜላ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ ለጥቁሮች መብት ተሰልፋ ስትታሰር።

«ምን አሉኝ ሚስ ሉቬኒያ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የታሰርኩትስ እኔ ነኝ። መምህራችን እንድንወጣ ብለው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩልን፤ አላየሁም ለማለት። እናትሽን እጇን ይዤ ብጎትት ወንበሯን ሙጭጭ አለች። ትቻት ወጣሁ።»

በየዓመቱ የካቲት ላይ፣ የጥቁሮች ታሪክ ወር ሲከበር፣ ኦዜላ ልጆቹ ፊት ትቆም ነበር። እስር ቤት እንደምታድር አውቃ የጥርስ ብሩሿን ኪሷ ከትታ መውጣቷን ስትተርክ አላባማን የሚያህል አገር ጸጥ የሚል ይመስላል። «አልፈሩም?» ሲሏት «እኔ? ምን ሲደረግ!» ትላለች። ቨርሊን ያንን እየሰማች ነው ያደገችው፤ አስተማሪ ያደረጋትም እሱ ነው።

«ታዲያ እስከዛሬ ምነው ዝም አሉ?»

«በኔ መታሰር አባቴ ከሥራው ተባረረ፤ ጓዛችንን ጠቅልለን ዲትሮይት ገባን። ከስንት ዘመን በኋላ ስመለስ ታሪኬን እሷ አፍ ላይ አገኘሁት። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። እኔ ደግሞ ወሬ አልችልበትም፤ ምን ልበል?»

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ ቨርሊን ግን አንጀቷ አርሮ ነበር። ሌላውን ሁሉ ታታልል፣ እንዴት የገዛ ልጇን?

ወንድሟ ሮስኮ ክንዷን ይዞ ወደ ጓዳ ጎተታት። «እንቅበራት መጀመሪያ። ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ?»

«ልጆች ስለሆኑማ ነው! እኔስ ልጅ አልነበርኩም? ነገ እሬሳዋ ፊት እኔ ደግሞ ላታልላቸው?»

ተመልሳ አጨበጨበች። «ልጆች፣ ትያትሩ ይቀየራል። የታሰሩት ሚስ ሉቬኒያ ናቸው።»

ኦዜላን ሆና የምትሠራው ጃኔል ግራ ገባት። «ሚስ ኦዜላ ዋሹን እንዴ?»

ሮስኮ አንገቱን ደፋ።

«አዎ የኔ ልጅ፤ ዋሸችን» አለች ቨርሊን። «አንቺ አሁን ሚስ ሉቬኒያን ትሆኛለሽ። ወንበሯ ላይ የቀረችውን ማን ይሁን?»

ማንም እጁን አላወጣም።

«እኔ አልሆንም» አለ አንዱ። «ያቺማ ፈሪ ናት!»

ሚስ ሉቬኒያ «ተዪው በቃ፣ ይቅር» አሉ። ቨርሊን አልሰማቻቸውም። ከለቅሶተኛው መሀል ባዶ ወንበር ስባ አመጣችና ተቀመጠች፤ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«በሉ» አለቻቸው፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ትታችሁኝ ውጡ።»