የጉልበት ዱቄት

ነገሩ የተጀመረው ጠረጴዛ ሥር ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም እዚያው ሥር ነበርኩ።

አናጺ ነኝ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አርባውን ያሳለፍኩት ወንበርና ጠረጴዛ ስሠራና ስጠግን ነው። ያን ቀን አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ያመጡትን የምግብ ጠረጴዛ ላጠብቅ ተንበርክኬ ገባሁ። ማጥበቁን አጠበቅኩ። መውጣቱ ላይ ግን ቀኝ ጉልበቴ አሻፈረኝ አለ። ግራውን ብለምነው እሱም ከጓደኛው ጋር አድሟል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በአራት እግሬ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ ዳኛው ራሳቸው ዕቃዬ ደርሶ ይሆን ብለው ብቅ አሉ።

«ምን እየሠራህ ነው ወዳጄ?»

«እንጨቱን እያጠናሁ ነው» አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አላመኑኝም። ዕድሜ ልካቸውን ከዚህ የተሻለ ውሸት ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎትተው ሊያወጡኝ ቢሞክሩም የሳቸው ጉልበት ከኔ አይሻልም፤ መንገደኛ ጠርተው አስወጡኝ። ወሬው ሳይመሽ ልጄ ጆሮ ደረሰ።

ልጄ ፋርማሲስት ነች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አንድ ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ልጅ እያደገ ሲሄድ አለቃ ይሆናል። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ ሐኪሙም በአጥንትና በአጥንት መሃል ያለው ለስላሳው ትራስ ሳስቷል አለ። ቅዳሜ ደግሞ አንድ ትልቅ ነጭ ጣሳና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ኮላጅን ነው፣ ለጉልበት የሚሆን ዱቄት» አለች። «ጠዋት ጠዋት ሁለት ማንኪያ፣ ሦስት ወር። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስፖርትም ትሠራለህ፤ ከወንበር ላይ እጅህን ሳታስደግፍ መነሳት፣ መቀመጥ፣ መነሳት።»

«ዱቄቱ ይሠራል?»

«አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። ጥናቱም ገና አንድ ቃል አልሆነም። እንሞክረው ነው የምልህ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ፣ ሦስት ወሩ ሲያልቅ እመጣለሁ። ወለሉ ላይ ተንበርክከህ ምንም ሳትይዝ ከተነሳህ እሰየው። ካልተነሳህ የዎርክሾፑን ቁልፍ ትሰጠኛለህ።»

«ልትዘጊው?»

«ብቻህን ወድቀህ ከማገኝህ ይዘጋ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ፈርታልኝ ነው። ግን ያቺን ዎርክሾፕ ከተቀማሁ ምን እንደምሆን አውቀዋለሁ፤ ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፍ መኪና የሚቆጥር ሰው እሆናለሁ።

ልጄ እንደሄደች ጣሳውን ከፍቼ አሸተትኩ። ጣቴን በምራቄ አርሼ ዱቄቱን ነካ አደረግኩና በሁለት ጣቶቼ መሃል አሸሁት። ተጣበቀ። ይሄማ የሥራ ባልደረባዬ ነው! እኔ ሙያ ስለምድ፣ ዛሬ በባልዲ የሚመጣው ነጭ ኮላ አልነበረም። የሙያ አባቴ ቆዳና አጥንት ያስቀቅለኝ ነበር፤ ድስት በድስት ውስጥ ተደርጎ፣ ቀስ ተብሎ፣ እንደ ማር እስኪወፍር። ያ ሲደርቅ ወንበሩ ቢሰበር እንኳ መጋጠሚያው አይላቀቅም። ሽታው ደግሞ አይጣል ነው፤ ከልብሴ ላይ ሳይለቅ ነው ያገባሁት።

ልጄ ጋ ስደውል አልካደችም። «አዎ፣ የሚወጣው ከቆዳና ከአጥንት ነው። ይሄኛው ግን ሆድ እንዲፈጨው ተሰባብሮ የደቀቀ ነው።» እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በልቤ ግን አርባ ዓመት ወንበር ያጣበቅኩበትን ነገር ከሻይ ጋር አልጠጣም ብዬ ማልኩ።

ቤታችን ከዎርክሾፑ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጣሳው ሁለት ማንኪያ በወረቀት እጠቀልልና ለባለቤቴ «ታች በውሃ እጠጣዋለሁ» ብያት እወርዳለሁ። ታች ስደርስ ምስማር የነበረበት ብልቃጥ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። የስፖርቱ ወረቀት ጀርባው ባዶ ስለነበር የቁም ሣጥን ንድፍ ስዬበታለሁ። ባለቤቴ ስታገኘው በደህናው በኩል ገልብጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ወር ይቆያል የተባለው ጣሳ በአሥራ አምስት ቀን አለቀ። አይጥ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። አይጥ ከሆነች መቼም የሰፈሩ ጉልበተኛ እሷ ትሆናለች። ልጄ ሁለተኛውን ጣሳ ስታመጣ ተቆጣች።

«አባዬ፣ ሁለት ማንኪያ ነው ያልኩህ! አራት አራት ትወስዳለህ እንዴ?»

«ቶሎ እንዲሻለኝ ብዬ ነው» አልኳት። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ ሻይዋን አማሰለች።

ሁለተኛው ወር ላይ ብልቃጡ አፉ ድረስ ሞላ። እያየሁት ብዙ ቀን ሠራሁ። አንድ ጠዋት የሙያ ክብሬ ተነሳብኝ። ኮላ ነህ አይደል? እስቲ ኮላነትህን አሳየኝ! አሮጌውን የኮላ ድስት አወጣሁ፣ ዱቄቱን በሙቅ ውሃ በጠበጥኩ፣ እግሩ የተነቃነቀ አንድ በርጩማ ፈታሁና ሦስቱንም እግር በዱቄቱ አጣብቄ በሞርሳ ነክሼ አጠበቅኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ስፈታው ቀጥ ብሎ ቆመ። በራሴ ክብደት ልፈትነው አስቤ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።

ዳኛው በኋላ ያመጧቸውን ወንበሮች ሊያዩ ሲመጡ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እየላግኩ ነበር። ዳኛው መጠበቅ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ቆመው ግን አይደለም። ዘወር ስል ወገባቸው ወደ በርጩማው እየወረደ ነው።

«ኧረ እሱ ላይ አይ...»

ጓ! አለ። ሦስቱ እግር በሦስት አቅጣጫ ሄደ፤ ዳኛው መሃል ላይ ቀሩ። ደግነቱ ብዙ ከፍታ አልነበረውም፤ የመላጊያ ፍርፋሪ ላይ ነው ያረፉት። ባርኔጣቸው እንኳ አልወደቀም።

«ይሄ ምን ዓይነት ኮላ ነው?» አሉ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ፣ ችሎት ላይ እንዳሉ ሁሉ።

«የጉልበት ነው» አልኳቸው።

«እንግዲህ ሥራውን ተመልክተናል» አሉ።

አንድ እጄን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ ሌላውን ዘረጋሁላቸው። አልደረሰም። ጎንበስ ልበል ብል ጉልበቴ የማውቀውን ዜማ ጀመረ። እሳቸውም ከታች ቢሞክሩ ቢሞክሩ አልሆነም። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ተያይተን ቀረን። ያኔ ድምፁን የሰማችው ባለቤቴ ወረደች። ወረደች ስል እየሮጠች ነው።

አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ቁጢጥ አለች፣ እጆቿን በዳኛው ብብት ሥር አስገባች፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» ብላ መቶ ኪሎውን ሰውዬ እንዳለ አነሳቻቸው። ከዚያ የበርጩማውን እግሮች ለመልቀም ሦስቴ ቁጢጥ አለች፣ ሦስቴ ተነሳች። በምንም አልተደገፈችም። ዳኛው አቧራቸውን ማራገፍ ረስተው ያዩአታል።

«እመቤቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«መልስ አለመስጠት መብቴ ነው» አለቻቸው።

እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ባለቤቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ቆማ ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ይህችው ሴት አምና ደረጃውን በጎን ነበር የምትወርደው፤ አንዱን እግር ታስቀምጥና ሌላውን ታስከትል ነበር። አይቻታለሁ። አይቼም አካሄዷ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ዳኛው ሲሄዱ በሩን ዘጋሁት።

«ጣሳውን የምትጨርሺው አንቺ ነሽ።»

«አዎ» አለች፣ ሳታፍር። «በመጣ በማግስቱ ነው የጀመርኩት። ወረቀቱንም እሠራለሁ፤ አንተ ታች ስትሆን፣ ያንተ ወንበር ላይ።»

«ያምሽ ነበር እንዴ?»

«አራት ዓመት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ጠረጴዛ ሥር ስትቀር ሰፈሩ ይሰማል፣ ዳኛ ይደርሳል፣ ራጅ ይነሳል። እኔ ደረጃው መሃል ስቆም ምን የሚሰማ ነገር አለው? ዘንቢሌን አስቀምጣለሁ፣ ሲለቀኝ አንስቼ እወጣለሁ።»

በንዴት አላለችውም፤ የዋጋ ዝርዝር እንደምታነብ ነው ያለችው። ይሄ ባሰብኝ። እኔ የወንበር እግር በአንድ ሚሊሜትር ቢያጥር ከበር ላይ ሆኜ የማውቅ ሰው ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከጎኔ የምታነክሰውን ሴት ግን አላስተዋልኩም። አፈርኩ። ማድረግ የምችለው ሌላ ነገር ቢጠፋኝ ብልቃጡን አንስቼ ሰጠኋት።

«ምንድነው?»

«የሁለት ወር ድርሻዬ። ያንቺ ነው።»

ብልቃጡን አየች፣ እኔን አየች፣ የተበታተነውን በርጩማ አየች። «አንዷንም አልቀመስካትም?»

«አንዷንም።»

«ታዲያ ዳኛውን የጣላቸው...»

«እሱ ነው።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ሳቅዋ ፈነዳ፤ ሞርሳው ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳላውቀው አብሬያት መሳቅ ጀመርኩ። ሳቋ ሲበርድ ግን እንባዋን ጠርጋ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «አራት ሳምንት ቀርቶሃል። ከዛሬ ጀምሮ ፊቴ ቆመህ ትጠጣለህ።»

ጠጣሁ። አልዋሽም፣ ከሻይ ጋር ሲሆን ሽታው ይሸሻል። ጠዋትና ማታ ወንበር ላይ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ እሷ ፊት ለፊቴ እየሠራች ትቆጥርልኛለች። በአራተኛው ሳምንት ከወንበር ላይ ሳልደገፍ ብድግ ማለት ቻልኩ። ወለሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የፈተናው ቅዳሜ ደረሰ። ልጄ ዎርክሾፑ መሃል እጇን አጣምራ ቆመች፤ ባለቤቴ በሩ አጠገብ። ለእሷም ቀላል እንዳልነበር ፊቷ ላይ ይታያል። ተንበረከክኩ። እስከዚያ ድረስ የሚቀድመኝ የለም። ከዚያ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ መነሳት ጀመርኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ እጄ ሳላዘው የሥራ ጠረጴዛዬን ያዘ። ሦስታችንም እጄን አየነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ያዘ።

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ስለ ብልቃጡም ነገርኳት፤ ሁለት ወር አታልዬሻለሁ አልኳት። ልጄ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እጇን ግን ዘረጋች።

«ቆዪ» አለች ባለቤቴ።

ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች፣ ተነሳች። ምናልባት ያላየ ካለ ብላ ነው መሰል ደገመችው። «ቁልፉን ለኔ።»

«እማዬ፣ አንቺ አናጺ አይደለሽም እኮ።»

«እሱ ደግሞ ከወለል አይነሳም። ከጠረጴዛ በላይ ያለው ሥራ የሱ፣ ከጠረጴዛ በታች ያለው የኔ። ብቻውን ይወድቃል ብለሽ አይደል የፈራሽው? ብቻውን አይሆንም።»

«ግን ዱቄቱ ነው ወይስ ስፖርቱ?» አለች ልጄ፣ ሙያዋ አላስችል ብሏት።

«እኔ እንጃ። ማንኛቸው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁለቱንም አላቆምም።»

ልጄ ሳቋ አመለጣት፤ ቁልፉን ተቀብላ ለእናቷ ሰጠቻት። እኔን ያማከረኝ የለም። በገዛ ዎርክሾፔ ተቀጣሪ ሆንኩ፤ ቆሽቴ ሊያርር ይገባው ነበር፤ ደስታው ግን አልፈቀደለትም።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የሥራ ሰዓት ተለጥፏል፤ ከሦስት እስከ አሥር፣ የምሳ ሰዓት የተከበረ ነው ይላል። ጽሕፈቱ የፖስታ ቤት ነው። የዕለቱ ሥራ አንድ አዲስ የጽሕፈት ጠረጴዛ ነበር። ባለቤቴ መፍቻ ይዛ ሥሩ ገባች፤ እኔ ከላይ ሆኜ የትኛውን ብሎን እንደምታጠብቅ እነግራታለሁ። ትንሽ ሠራችና መፍቻውን አስቀመጠች።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?» አልኩ፣ ደንግጬ።

«አላመመኝም። አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጠረጴዛ እኮ ከሥሩ አልተላገም። እጄን ቧጨረኝ።»

«ከሥሩ ማንም አያየውም።»

«እኔ አለሁ እዚህ» አለች።

አርባ ዓመት ሙሉ የጠረጴዛ ሥር ልጌ አላውቅም። ስትወጣ እጇን ተቀብዬ አየሁት፤ ጣቷ ላይ ትንሽ ስንጥር ገብቶ ነበር፤ መነጽሬን አድርጌ አወጣሁላት። ከዚያ ጠረጴዛውን ለሁለት ሆነን ገለበጥነውና መላጊያዬን አነሳሁ።