አማት፣ ምራትና ትርፉ ቁራጭ

አማትና ምራት በአንድ ጣሪያ ሥር አይስማሙም ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ጣሪያቸው ሁለት ነው። ቤት ውስጥ ሲነካከሱ ያመሹና፣ ጠዋት ነጭ ካፖርታቸውን ደርበው የውኃ ምርመራ ቤት ውስጥ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አማትየው ኃላፊ፣ ምራቲቱ ቴክኒሻን።

ሥራቸው ከገንዳና ከቧንቧ በመጣ ውኃ ውስጥ አሜባ መፈለግ ነው። የሰው አንጀት ካልገባሁ ብሎ የሚያስቸግረውን አይደለም፤ ዓይን ከገባ ሊያሳውር የሚችለውን፣ ውኃና አፈር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚኖረውን።

«ራሱን ችሎ! ከአንዳንዱ ሰው ይሻላል» ይላሉ አማትየው፣ ቤታቸው የምትኖረውን ምራታቸውን በጎን እያዩ።

አሜባውን የሚለዩት በጂኑ ነው። ራይቦሶም፣ ማለትም የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ፣ የሚሠራበትን ጂን በማሽን ያባዙና ጄል በሚባል ዝልግልግ ንጣፍ ላይ በኤሌክትሪክ ያስሮጡታል። አጭሩ ርቆ ይሄዳል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቆመበት ቦታ መብራት ሲበራበት እንደ መስመር ይታያል። አማትየው ታዲያ ጄሉ በሚታይበት የመብራት ሣጥን መስታወት ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፈዋል። መስመሩ እዚያ ላይ ካረፈ አሜባ ነው፤ ካላረፈ «ቆሻሻ ነው፣ ጣይው!» ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የተሠራው።

አንድ ማክሰኞ ከመዋኛ ገንዳ የመጣ ናሙና መስመሩ ከፕላስተሩ ወደ ኋላ ቀረ። ምራቲቱ ደገመችው፤ ያው። ሠለሰችው፤ ያው። አልጣለችውም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አማትየው ከኋላዋ ደረሱ።

«አሜባ ነው፣ እማማ።»

«እዚህ እማማ የለም!»

«እሺ፣ አሜባ ነው፣ ዶክተር።»

«ውሸት! ናሙና ከናሙና ቀላቅለሽ ነው። ይኼ እጅሽ መች ለበጎ ተዘርግቶ ያውቃል? መጀመሪያ ልጄን፣ አሁን ደግሞ ውኃዬን!»

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ተጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ ተጣለ። «ናሙና ማበላሸቴን አምኜ ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ይላል። የቀረው ፊርማዋ ብቻ ነው፤ የተሰጣት ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ። ከፈረመች አለቀላት፤ ናሙና አበላሽ ለተባለች ቴክኒሻን የትኛውም ምርመራ ቤት በሩን አይከፍትም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አለች በሆዷ፤ ባፏ ግን ሌላ አለች።

«ኢንትሮን ነው። ጂኑ መሀል የገባ ትርፍ ቁራጭ። ዲኤንኤው ላይ ስላለ ያስረዝመዋል። ሴሉ ጂኑን ወደ አርኤንኤ ሲገለብጠው ግን ቁራጩ ራሱን ቆርጦ ይወጣል። ከአርኤንኤው ብንነሳ ቁራጩ ስለሌለ መስመሩ ፕላስተሩ ላይ ያርፋል።»

«ራሱን ቆርጦ ይወጣል? ማንም ሳያባርረው የሚወጣ ነገር አለ?»

«አለ እንጂ፣ ቤቱ ሲመረው።»

የአማትየው የአንገት ሥር ተገታተረ። «እንሞክረዋለን። አንቺ ግን ጫፉን አትነኪውም! በገዛ እጄ ነው የምሠራው። ያኔ ምን ሰበብ እንደምታመጪ አያለሁ።»

ምራቲቱ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። እጁ የእሳቸው ከሆነ፣ ጥፋቱን በማን እጅ ያላክኩ?

አማትየው ከገንዳው ውኃ አንዲት ሴል በማይክሮስኮፕ ነጥለው ለብቻዋ እየመገቡ አራቧት። ዘሩ ሁሉ ከአንዲት ሴል ስለሆነ ተቀላቀለ የሚባል ነገር የለም። የማሳደጊያ ሣጥኑን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው አሥር ቀን ጠበቁት። ምራቲቱ አሥር ቀን ብርጭቆ አጠበች። በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር «ራቂ! ትንፋሽሽ እንዳይደርስበት!» ይሏታል። እሷም ትንፋሿን ይዛ ታልፋለች፤ ጉንጯን እንደ ፊኛ ነፍታ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጄሉ ሮጦ አለቀ። ሦስት ረድፍ ነው፦ አንዱ ከዲኤንኤው፣ ሁለተኛው ከአርኤንኤው መልሶ ወደ ዲኤንኤ የተገለበጠ፣ ሦስተኛው ሳይገለበጥ የቀረው አርኤንኤ፤ ማሽኑ የሚያባዛው ዲኤንኤን ብቻ ስለሆነ፣ ዲኤንኤ ተርፎበት እንደሆነ የሚያሳብቀው እሱ ነው። አማትየው መብራቱን አበሩ።

የዲኤንኤው ከፕላስተሩ ኋላ ቆሟል። የአርኤንኤው ፕላስተሩ ላይ ልክክ ብሏል። ሦስተኛው ባዶ።

አማትየው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ያው ነው።

«የማን እጅ ነው፣ ዶክተር?»

«ዝጊ!»

«ልዝጋ። ግን ሃያ ዓመት ‹ቆሻሻ ነው› ብለው ያስጣሉን ስንቱ አሜባ ነበር? ስንቱን ገንዳ ንጹሕ ነው ብለው ፈረሙ?»

ይኼኛው ከስድብ በላይ ገባ።  አማትየው እጃቸውን ዘረጉ፤ «ደብዳቤውን አምጪ።»

ሰጠቻቸው። አራት ቦታ ቀደው ጣሉት።

«ይቅርታ ግን አልጠይቅሽም።»

«ከእርስዎ ማን ጠበቀ!»

«ነገ የጣልናቸውን መዝገብ ገልጠሽ ገንዳዎቹን እንደ አዲስ ትመረምሪያለሽ። ብቻሽን።»

«ያስጣሉት እርስዎ፤ የምመረምረው እኔ ብቻ? አብረን ነው። አለበለዚያ ይኼን የጄል ፎቶ ለበላይ አለቃ እወስደዋለሁ።»

«ካንቺ ጋር በአንድ ጠረጴዛ? ሞቴን!»

«እኔስ መች ወደድኩት!»

አማትየው መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረጉት። አንዱን ወንበር ራሳቸው ተቀመጡበት፤ ሌላውን በእግራቸው ወደ እሷ ገፉት። ትቀመጥ ብለው ይሁን እግሯን ሰብሮ ይለፍ ብለው፣ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ምራቲቱ ግን ወንበሩን ያዘችውና ተቀመጠች።