ጥቁሩ መስኮት የዋጠው

«ጥቁሩ መስኮት አንዴ የዋጠውን ሚካኤልም አያስተፋው!» አለ ጋሽ ደግፌ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ። «ጊንጪ አንድ ልጅ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ሁሉ አስበልቶ፣ ይኸው ደብዛው ጠፋ።»

«ባለፈው ሳምንት ልጁ የሆለታ ነበር» አለች ጂቱ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «ከዚያ በፊት የጉደር። ምነው ይሄ ልጅ እንደ ሚኒባስ ከከተማ ከተማ ይመላለሳል?»

ደግፌ ሳቀ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት እሱ ነው፤ ሠርግ ይቀርጻል። የተቀረጸውን መቁረጥና መቀጠል ግን የጂቱ ሥራ ነው። ማንም አላስተማራትም። ስልኳ ላይ እያየች፣ እየሳተች፣ ራሷን በራሷ አስተማረች፤ ይህንንም ለሰማም ላልሰማም መናገር አይታክታትም። ሰው ሁሉ በማውስ ሲንቆራጠጥ፣ በዚያ ጥቁር መስኮት ትእዛዝ በፊደል ጽፎ ፋይል የሚያዝዝ አምቦ ውስጥ እሷ ብቻ እንደሆነች ታምናለች።

ጠዋት፣ በቅርቡ ሠርጓን እነሱ ዘንድ ያስቀረጸችው ጣቢታ ፍላሿን ሰጥታት ሄዳለች። አባቷ ኦቦ ቀጀላ ከሠርጓ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ነገ አርባቸው ነው፣ ከደንዲ ዘመድ ይመጣል። ሠርጉ ላይ ቆመው ሲመርቁ የተቀረጸውን በፍላሹ አስገልብጣ ለዘመድ ልታሳይ ነው። «የአባዬ ድምፅ ሌላ ቦታ የለኝም፣ ጂቱዬ» ብላታለች ስትወጣ።

ፍላሹ እንደ አገሩ ፍላሽ ሁሉ በቫይረስ የተጨማለቀ ነበር። ጂቱ መጀመሪያ ልታጸዳው ፈለገች። ጥቁሩን መስኮት ከፍታ፣ ዲ ዲስክ ውስጥ የጣቢታ ፎልደር ገባች፤ ምርቃቱ መኖሩን አየች። ቀጥላ ወደ ፍላሹ ለመሻገር «ሲዲ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፋ የፍላሹን ፊደል፣ ኢን፣ አስከተለች። መስኮቱም ኢ ብሎ መለሰላት። ተሻገርኩ አለች። አልተሻገረችም። ከዲስክ ወደ ዲስክ የሚያሻግረው ያለ «ሲዲ» ፊደሉን ብቻ ከሁለት ነጥብ ጋር መጻፍ ነው። የቆመችበት ቦታም ከሥር፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር፤ ዲ፣ ጣቢታ። ማን ያንብበው!

ሁሉንም አጥፋ ብላ አዘዘች። መስኮቱ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት።

«ይኸው፣ ጋሽ ደግፌ! እርስዎ እንደሚሉት ያገኘውን የሚውጥ ጅብ ቢሆን ኖሮ ሳይበላ ይጠይቅ ነበር?»

«አንቺ ሳቂ» አለ ደግፌ፣ ካሜራውን አንግቶ ለምሳ እየወጣ።

የእሺታውን ፊደል ተጫነች።

ፍላሹን ብትከፍት ቆሻሻው እንዳለ አለ። ግንባሯን ቋጠረች። የጣቢታን ፎልደር ከፈተች፤ ነጭ ባዶ። የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያ ከፈተች፤ እሱም ባዶ። በጥቁሩ መስኮት የተጣለ ነገር በመጣያው በኩል አያልፍም። የካሜራው ካርድስ? ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ ተቀርጾበታል!

ክው ብላ ቀረች። ውጭ ባጃጆች ሲጯጯሁ ከሌላ አገር እንደሚመጣ ድምፅ ትሰማለች። ሚካኤልም አያስተፋው። ስትስቅበት የከረመችው ወሬ አሁን እንደ ወንጌል ገባት። ከሐዘኑ ቀድሞ ያንገበገባት ግን የደግፌ ሳቅ ነው። ባዶ ፎልደር ያሳብቅባታል፤ ፎልደሩ በሌላ ቪዲዮ ከሞላ ግን ቫይረስ አደባለቀው ማለት ይቻላል። ከትርፍ ዲስኩ የማያልቅ የድሮ ሠርግ እያግበሰበሰች ገለበጠችበት፣ ዲ ቦታ የለኝም ብሎ እስኪጮህ።

ደግፌ ሲመለስ ፊቷን አይቶ ሳቁ ጠፋ።

«ምን ሆንሽ?»

«የኦቦ ቀጀላን ምርቃት አጠፋሁት።» ዲስኩን ስለ መሙላቷ ግን አልተነፈሰችም።

«ወይኔ ጉዴ!» በሩ ላይ ጥላ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቫይረስ በያት። ማን ያውቃል?»

«አካም ጂርታ፣ ጂቱ?» ጣቢታ ገባች፣ ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ለብሳ። «ደረሰልኝ?»

ጂቱ ቫይረስ ልትል አፏን ከፈተች። ጥቁሩን ልብስ አየች።

«ጠፍቷል፣ ጣቢታ። ቫይረስ አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ጣቢታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። «እጁን እንዲህ ዘርግቶ… ሆራ ቡላ፣ ውለዱ ኑሩ ሲለን…» አለችና ስልኳን አወጣች። ወንድሟ ሌታ ጉደር ኮምፒውተር ይማራል። ደውላለት፣ ጂቱም እንድትሰማ በላውድ አደረገችው።

«በጥቁሩ መስኮት ነው ያጠፋችው?» አለ ሌታ፣ ሁሉንም ከሰማ በኋላ። «አታልቅሺ፣ ምንም አይደል። የጠፋ ፋይል ወዲያው አይሞትም እኮ! ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ዲስኩ ላይ ተኝቶ ይቆያል። መመለሻ ፕሮግራም አለኝ፣ አሁኑኑ ተነሥቼ እመጣለሁ። ብቻ ካጠፋችው ወዲህ ምንም አልጨመረችበትም፣ አይደል?»

ደግፌ «እልል!» ሊል ምንም አልቀረው። ጣቢታ ፊቷ በርቶ ወደ ጂቱ ዞረች።

«አልጨመርሽበትም፣ አይደል?»

አልጨመርኩም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሌታ ይመጣል፣ ይሞክራል፣ አልሆነም ይላል፤ ጥፋቱም የፕሮግራሙ ይሆናል።

ጂቱ እጇን ዘርግታ ስልኩን ከጣቢታ ተቀበለች።

«ሌታ፣ ጂቱ ነኝ» አለች። «አትድከም። እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ።»