ሞት የቀነሰባት ከተማ

ሳቫስ በሲሜላ መቅናት የጀመረው ሚስቱን የቀበረ ዕለት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከዚያ በፊት እንደሆነ አውቃለሁ። ፋርማሲዬ ከሁለቱ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ የሁለቱንም ሴቶች መድኃኒት በእጄ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ሰው ደግሞ መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ የሆዱንም አራግፎ ነው የሚሄደው።

የሳቫስ ሚስት ፓርቴና እና የኮስማስ ሚስት ሲሜላ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ጡታቸው ላይ ያለውን እብጠት ያወቁትም በአንድ ክረምት ነው። ባሎቻቸው በከተማችን የኃይል ማመንጫ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ሲያጓጉዙ ኖረው አብረው ጡረታ የወጡ ወዳጆች ናቸው። ለሕክምና ትልቁ ከተማ የሚወርዱት በኮስማስ መኪና ነበር፣ አራቱም ተጨናንቀው። ከፊት ወንዶቹ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፤ ሲመለሱ ከኋላ ሴቶቹ አንድ ባልዲ እየተቀባበሉ ያስመልሳሉ። ደግሞም ይስቃሉ። ፓርቴና "ዛሬ እኔ በልጬሻለሁ፣ እዪው!" ትል ነበር አሉ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፓርቴና ሞተች። ሲሜላ ዳነች።

ሳቫስ ክፉ ሰው አልነበረም። ሲሜላ እንድትሞት አልተመኘም፤ ቢያንስ አፍ አውጥቶ አልተመኘም። ግን ፀጉሯ ሲበቅል አመመው። መጀመሪያ እንደ ጫጩት ላባ ሆኖ፣ ኋላ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከድሮው ይልቅ እየተጠቀለለ ሲወጣ በመስኮት ቆሞ ያያት ነበር። በመስከረም ግቢዋ ውስጥ ቀይ ቃሪያ ስትጠብስ ሽታው ግድግዳውን አልፎ ሲመጣበት መስኮቱን ድርግም ያደርጋል። ምላሷ ስለት ነውና ኮስማስን ስትሰድበው ሲሰማ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። አንድ ቀን የደም ግፊት ኪኒኑን ሊወስድ መጥቶ፣

"ኦሊምፒያ፣ ያ ደደብ እኮ ቁጭ ብሎ ይሰደባል! ጠዋት ማታ! ምን አለበት?" አለኝ።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት።

የፓርቴና የሁለተኛ ዓመት ተዝካር ሲደርስ ሲሜላ እንደ ወጉ ስንዴውን ቀቅላ፣ ሮማንና ለውዝ ነስንሳ፣ ስኳር አልብሳ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሳቫስ በሩን ገርበብ አድርጎ "ንፍሮ ከሌላ አዝዣለሁ" አላት። አላዘዘም። ትሪዋን እንደያዘች ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰፈሩ በሙሉ አየ።

በዚያው ዓመት፣ ማመንጫው ሊዘጋ ነው እየተባለ ሳለ፣ ከክልሉ ጤና ቢሮ አንዲት ሐኪም ትመጣለች ተባለ። የከተማችንን የማቭሮፔትራን የካንሰር ሞት ከአገሩ ሁሉ ጋር አስተያይታ ውጤቱን በባህል አዳራሹ ልትነግረን ነው። ውጤቱን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ግን አልነበረም። እኛ ያሰጣነው ነጭ አንሶላ በማመንጫው ጭስ ግራጫ ሆኖ የሚወርድልን ሰዎች ነን። "የአገሩን እጥፍ ነው" የሚል ነበር፣ "ሦስት እጥፍ" የሚልም ነበር። ከንቲባው ራሱ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ይጸልይ ነበር፤ ከፍ ካለ አንድ የረባ ክሊኒክ ይሠሩልን ይሆናል ብሎ። ከሁሉ አብልጦ ቀኑን የጠበቀው ግን ሳቫስ ነው። ምክንያቱን ኋላ ነገረኝ።

"በሁሉ ቤት የዘነበ ዝናብ ከሆነ ማንም አያፍርም" አለኝ። "በእኔ ጣራ ብቻ ካፈሰሰ ግን፣ ጣራውን ምን አድርገኸው ነው ይሉሃል። እኔም ራሴን እለዋለሁ።"

ዶክተር አርጊሮ ጉንፋን የያዛት፣ ቀጭን፣ ወጣት ሴት ነበረች። አዳራሹ ጢም ብሎ ስታየው ደነገጠች መሰለኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አወጣች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ።

"ሰማያዊው የአገሩ ነው፣ ቀዩ የእናንተ። ከመቶ ሺህ ሰው ስንቱ በዓመት እንደሚሞት ነው የሚያሳየው። ከተማችሁ ውስጥ አዛውንት ስለሚበዛ፣ ዕድሜውን አስተካክለን ነው ያስተያየነው፤ አለዚያ ፍርዱ ትክክል አይሆንም። በመጀመሪያ የወንዶች የሳንባ ካንሰር።"

ቀዩ ከሰማያዊው በላይ ነበር። የአገሩ ዓመት በዓመት እየወረደ፣ የእኛ ግን ባለበት ቆሞ። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ሐዘን ነው እንዳልል እርካታም ነበረበት። "አላልኩም?" ይባባላል ሰው። ከኋላ አንዱ ሽማግሌ "እሰይ፣ በአንድ ነገር እንኳ አቴናን በለጥናት!" አለና ሳቅ ሆነ።

"ጭሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ" አለች ዶክተሯ። "ደጅ ቆመው ሲጋራ የሚያጨሱት ቢገቡ ደስ ይለኛል። ነገሩ እነሱን ይመለከታል።"

ከዚያ የጡት ካንሰርን አመጣች። ሳቫስ ከፊት ለፊቴ ነበር፤ አንገቱ ሲገተር አየሁ።

ቀዩ መስመር ከሰማያዊው በታች ነበር። የሁለቱም ይወርዳል፤ የእኛው ግን ፈጠን ብሎ ይወርዳል።

"ዶክተር፣ ሥዕሉ ተገልብጦብሽ ይሆናል" አለ ያው ሽማግሌ፤ አሁን ግን ማንም አልሳቀለትም።

"አልተገለበጠም። ከተማችሁ ትንሽ ናት፣ በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ሴት ቢጨመር መስመሩ ይዘላል፤ ስለዚህ ዓመታቱን አንድ ላይ እያደረግን ነው ያየነው። አሁንም ጥቂት ዓመት መጠበቅ ይኖርብናል። ግን ሴቶቻችሁ በጊዜ ይመረመራሉ። ተገኝቶባቸው የሚድኑት በዝተዋል።" ከዚያ፣ ለደግ ብላ፣ "እዚህ አዳራሽ ውስጥም የተቀመጡ ይኖራሉ" አለች።

ራስ ሁሉ ወደ ሲሜላ ዞረ። ሲሜላ ቲማቲም መሰለች። ኮስማስ ግን ደረቱን ነፋ፤ መስመሩን በገዛ እጁ ጎትቶ ያወረደው ይመስል ግራ ቀኝ እያየ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ነው ሳቫስ ብድግ ያለው።

"የእኔ ሚስት የት አለች?"

"ይቅርታ ጌታዬ?"

"እዚያ መስመርዎ ላይ። ወረደ፣ ቀነሰ ይላሉ። ፓርቴና የት ጋ ናት?"

ዶክተሯ የሞተችበትን ዓመት ጠየቀችው። ነገራት። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "እዚህ ናት። እዚህ ጋ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ እሷ ስላለችበት ነው።"

"ከፍ ያለ የታል? ለእኔ አይታየኝም።"

"እኔ ይታየኛል" አለች።

"ውሸታም ሁላ!" ብሎ ወጣ። ኮፍያውን ወንበሩ ላይ ረስቶ።

ስብሰባው ሲያበቃ ግን መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። በከተማው በካንሰር የሞቱትን ሴቶች አንድ በአንድ እየጠራ ያወርድባት ጀመር። እሷ አላቋረጠችውም፤ ለእያንዳንዷ ምኗን እንደታመመችና መቼ እንደሞተች ብቻ ትጠይቃለች። አንዷ ጨጓራዋን ሆነ፣ አንዷ ሳንባዋን፣ ሌሎቹ ገና ሳቫስና ፓርቴና ሳይጋቡ የሞቱ ሆኑ። ስሙ እያለቀበት ሲሄድ ድምፁም አብሮ አለቀ።

"አቶ ሳቫስ፣ ሟቾችዎን አልካድኩም" አለችው። "ሁሉም ተቆጥረዋል። ከአገሩ ጋር ሲተያይ ግን ቁጥራቸው ይጠበቅ ከነበረው ያንሳል።"

"ታዲያ ለምን እሷ?"

"ይህን ቁጥሩ አይነግረኝም። እኔም አላውቅም።"

በማግስቱ ጠዋት ሲሜላ የሳቫስን በር ደበደበች። ያወሩትን ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ፤ የሚለያዩት ቀድሞ ማን እንዳለቀሰ ላይ ብቻ ነው።

"ሳቫስ፣ ክፈት! እሰብረዋለሁ፣ ታውቀኛለህ!"

ከፈተ። ኮፍያውን አምጥታለታለች። አልሰጠችውም።

"ለምንድን ነው ሰላም የማትለኝ?"

"እልሻለሁ።"

"ለግድግዳው ነው የምትለው። እኔን እንደ ሌባ ነው የምታየኝ።"

ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ግን ደከመው። "አዎ" አላት። "የቀረው አንድ ወንበር ነበር፣ አንቺ ተቀመጥሽበት። ስትስቂ ስሰማ የእሷን ሳቅ የወሰድሽባት ይመስለኛል። እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማወቁ ምንም አልጠቀመኝም።"

ትቆጣለች ብሎ ነበር። ሲሜላ ግን ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

"እኔስ በእሷ የማልቀና መሰለህ?"

"በሞተ ሰው?"

"በሞተ ሰው! ፀጉሯ ሲረግፍ የላጨሃት አንተ ነህ። ቁስሏን ያጠብክ አንተ። በጋ ላይ ግቢ ውስጥ አስቀምጠሃት ጀርባዋን ስትቀባት በአጥሩ ቀዳዳ አይቻችኋለሁ። የእኔው ግን ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ የሚያድረው ሶፋ ላይ ነው። ወገቡን አሞት ነው አሉ! አራት ዓመት ሙሉ የሚያም ወገብ! የተቆረጠውን ቦታ አንድ ቀን አላየውም። ልብሴን ሳወልቅ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል፤ ቢጠፋም ወደዚያው ይዞራል። ትናንት ደረቱን ሲነፋ አይተኸዋል? ዳኑ ከተባሉት ውስጥ ቆጥራኝ ሄደች ሐኪሟ። እንዴት እንደዳንኩ ማን ጠየቀኝ?"

ሳቫስ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ፓርቴና ብትኖር ምን ትልሽ ነበር?" አላት።

"ሶፋውን አቃጥይው ትለኝ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ሲስቁም ኮስማስ ከመስኮቱ አያቸው። ይህን ግን አላወቁም።

ሳቫስ ነገር በሆዱ የሚያሳድር ሰው አይደለም። በዚያው ቀን ቡና ቤት ገብቶ፣ የዳማ ዓይነቱን ጨዋታ ታቭሊን የሚጫወተውን ኮስማስን ወደ ደጅ ጠራው።

"ሚስትህን እያት" አለው።

"ምን አልክ?"

"ጠባሳውን። ዞር አትበልባት።"

ኮስማስ ኮሌታውን ጨምድዶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። "አንተ የሚስቴን ደረት ምን አገባህ? ማን አሳየህ? ዛሬ ጠዋት በርህ ላይ ምን ነበር የሚያስቃችሁ?"

"አላሳየችኝም። የእኔዋን ስላየሁ ነው የምነግርህ። አያስፈራም፣ ኮስማስ። ፈርተህ ከሆነ፣ አያስፈራም።"

"በመስኮት ስታፈጥባት የማላይህ መሰለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ! ሚስት ስላጣህ የሰው ሚስት—"

"የማያት ስለምቀና ነው!"

"በማን?"

"በአንተ፣ ደደብ!"

ቡና ቤቱ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። የኮስማስ እጅ ቀስ እያለ ላላ። ኋላ ሳቫስ እንደነገረኝ፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ካየሁት በሽታው የሚመለስ ይመስለኛል" አለ። "ካላየሁት ተኝቶ የሚቀር ይመስለኛል።" ከዚያ ወደ ጨዋታው ገባ፤ ተሸነፈም አሉ።

ያን ክረምት ኮስማስና ሳቫስ አልተነጋገሩም። ሥራ ፈት ወሬኛ ሲሜላንና ሳቫስን አንድ ላይ አድርጎ አማ፤ ሲሜላ በምላሷ ጠርጋ አስወጣችው። ኮስማስ ግን በቅናት ተንገበገበ፤ ገበያ ብትሄድ ይከተላታል፣ ግቢ ብትወጣ ይወጣል። "እግዜር ይስጠው፣ ቢያንስ ዓይኑ እኔ ላይ ነው" አለችኝ ሲሜላ የማስታገሻ ኪኒኗን እየተቀበለችኝ። በሁዳዴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ሶፋው ደጅ ወጥቶ ዝናብ ይመታዋል። አልጠየቅኩም።

ከፋሲካ በኋላ ሳቫስ ፋርማሲዬ ውስጥ ተቀምጦ ግፊቱን ሊለካ ተራ ሲጠብቅ፣ ኮስማስ ገባ። ሳቫስን ሲያይ ሊመለስ አለና ቆመ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣

"የቆየ ጠባሳ ሲሆን... ሲደርቅ ያሳክካል" አለኝ። "ምን ይቀባል? የማይለበልብ። ቆዳዋ እዚያ ጋ ስስ ነው።"

ቅባቱን ሰጠሁት፤ በቀን ሁለቴ፣ በቀስታ፣ አልኩት። "በቀስታ፣ አውቃለሁ" አለ።

የሳቫስን ፊት አየሁት። አመድ መስሏል። እጁን ጉልበቱ ላይ ጨብጦ ወለሉን ያያል። ይህ ሰው ኮሌታው እስኪቀደድ የተከራከረለት ነገር ሆኖለት ነበር፤ ሲሆንለት ደግሞ አቃጠለው።

ኮስማስ በሩን ይዞ ዞር ሳይል፣ "እሁድ ምሳ ና" አለ። "እሷ ናት ያለችው። ... እኔም ብያለሁ።"

"እስኪ" አለ ሳቫስ።

አልሄደም። ሲሜላን አሁን ሰላም ይላታል፤ ለግድግዳው ሳይሆን ለእሷ። ከኮስማስም ጋር ታቭሊውን ጀምረዋል፣ እንደ ድሮው ይሰዳደባሉ። ምሳ ግን በየሳምንቱ ይጠሩታል፣ በየሳምንቱ ምክንያት ያበጃል። አንድ ቀን ለምን እንደማይሄድ ጠየቅኩት።

ኪኒኑን ኪሱ ከተተ።

"ወድጄላቸዋለሁ፣ ኦሊምፒያ። ከልቤ ነው" አለኝ። "ግን በአንድ ማዕድ ቁጭ ብዬ እሱ ሲያጎርሳት ማየት... እዚያ ድረስ አልደረስኩም።"